ጾሜን የቆጠሩልኝ ሽማግሌ

አሥራ አንደኛ ክፍል እያለሁ፣ ደብረ ማርቆስ ካለው ትምህርት ቤታችን አንድ ተማሪ ለአንድ ዓመት ጃፓን ሄዶ ይማራል ተባለና ተፈተንን። ያለፍሁት እኔ ነበርሁ።

እናቴ ስትሰማ የያዘችውን ሥራ አስቀምጣ ቁጭ አለች። «ሴት ልጅ ብቻዋን? ያውም ከማናውቀው ሰው ቤት?»

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ቤት ውስጥ ብዙ አይናገሩም። ያን ቀን ግን ተናገሩ። «እኔ ከይጁቤ ተነሥቼ መርጡለ ማርያም ስገባ ከእሷ አንስ ነበር። የተቀበለኝ ሰው የለም። በየሰው ደጅ ቆሜ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› እያልሁ ነው የተማርሁት። እሷን የሚጠብቃት ቤት አላት። ትሂድ።»

ሄድሁ። ያች ከባሕር ጠረፍ ያለች የጃፓን ከተማ አሁን ሳስባት በእንቅልፍ ልቤ ያየኋት ትመስለኛለች። ማለዳ ማለዳ ጉም ከባሕሩ ይነሣና ቤቶቹን አንድ በአንድ ይሸፍናቸዋል። በክረምት ከጮቄ ተራራ በኩል ወደ እኛ እንደሚወርደው ጉም ነው፤ ሽታው ብቻ ጨው ጨው ይላል። አንዳንድ ቀን ስነቃ የት እንዳለሁ ሳላውቅ ጥቂት እቆያለሁ፤ ያም ደስ ይለኝ ነበር።

የተቀመጥሁበት ቤት ውስጥ አንዲት እናት፣ እኩያዬ የሆነች ልጇና ዓሣ አጥማጅ አያቷ ይኖራሉ። ከልጅቱ ጋር በእንግሊዝኛ እንግባባለን። ከሽማግሌው ጋር ግን ጎንበስ ብለን ሰላም ከመባባል በቀር ቋንቋ የለንም።

ሁዳዴ ገባ። ገበታው ላይ ዓሣ አይጠፋም። ምን ላድርግ ብዬ ለአባቴ ደወልሁ። «አስቤበት ነገ እነግርሻለሁ» አሉ። በማግሥቱ «ብትበዪም አልቆጣሽም፣ እንግዳ ነሽ። ጾሙ ግን የአንቺ ነው፤ አንቺው ወስኚ» አሉኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ ተትቶልኝ አያውቅም። ላለመብላት ወሰንሁ።

ለሦስት ቀን ዓሣውን ሳልነካ ስነሣ ሽማግሌው ያዩኛል። በአራተኛው ቀን ልጅቱ «አያቴ ‹ዓሣዬን ጠላችው ወይ?› ይላሉ» አለችኝ። ደነገጥሁ። ጾም መሆኑን፣ ፋሲካም የሚውልበትን ቀን አስረዳኋት፤ እሷም ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከማግሥቱ ጀምሮ ሩዝ፣ ባቄላና የባሕር ቅጠል ይቀርብልኝ ጀመር። ሽማግሌውም በየማለዳው ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ አንዲት ቀን በቀይ እርሳስ ይሠርዛሉ። የጀልባቸው ጉዳይ መስሎኝ አልጠየቅሁም።

ፋሲካ እዚያ እንደ ማንኛውም እሑድ ነጋ። ደወል የለ፣ እንኳን አደረሰሽ የሚል የለ። ሆድ ብሶኝ ባሕሩ ዳር ቆሜ ሳለሁ ጀልባቸው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለች። ሽማግሌው ትልቅ ቀይ ዓሣ በሁለት እጃቸው ይዘው ወረዱ። ልጅቱ ከኋላዬ መጥታ «ዛሬ ጾምሽ አለቀ። ይኼን ዓሣ እዚህ የምንበላው ለደስታ ቀን ነው፤ ሲነጋጋ ነው የወጡልሽ» አለችኝ።

የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደቀመስሁ እንባዬ መጣ። ሽማግሌው ተጨንቀው አንድ ነገር ጠየቁ። «መረራት ወይ? ነው የሚሉት» አለች ልጅቱ። እያለቀስሁ ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ይህን ለአባቴ በስልክ ነገርኋቸው። «ስማቸውን ንገሪኝ፣ በጸሎቴ አስባቸዋለሁ» አሉ። ስሙ አልያዝ ብሏቸው ሦስት ጊዜ አስደገሙኝና በፊደል ጻፉት።

እኔ በተመለስሁ በዓመቱ ልጅቱ በተራዋ መጥታ እኛ ቤት ሁለት ወር ተቀመጠች። እናቴና እሷ በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ እንጃ፣ ጓሮ ገብተው ጎመን ሲቀጥፉ ሳቃቸው ይሰማ ነበር። መናኸሪያ ድረስ ሸኝተናት ተመለስን። እናቴ ቤት ገብታ ነጠላዋን ስታጥፍ፣ «ሌላ ተማሪ የሚመጣው መቼ ነው?» አለችኝ።