የአያ ገብሬ መጥረቢያ

ልጅ እያለሁ የወይራ ሽታ ነፍሴ ነበር። አሁን ገበያ ውስጥ ድንገት ሲሸተኝ ፊቴን አዞራለሁ።

ከገነተ ማርያም ማዶ ባለው መንደራችን፣ ደብራችንን የከበበ ጥንታዊ ደን ነበር። ጽዱና ወይራው በማን ዘመን እንደተተከለ የሚያውቅ ሽማግሌ እንኳ አልነበረም። እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጠው እንጨት እንዲጠርቡ የተፈቀደላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ አያ ገብሬ። ነፋስ የጣለውን፣ ደርቆ የወደቀውን እየለቀሙ ለካህናቱ መቋሚያ፣ ለገበሬው ቀንበርና ሞፈር፣ ለሴቶቹ ገበታ ያወጡበታል። እርጥብ መቁረጥ ግዝት ነው። "ዛፍ ሲሰጥ ይቀበሉታል እንጂ አይቀሙትም" ይሉ ነበር። ሰዉ የእጃቸውን ሥራ እየወደደ እሳቸውን "ጠራቢ" እያለ ይንቃቸዋል፤ ሰርግ ቤት እንኳ የሚቀመጡት ከበሩ ጥግ ነበር። እኔ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገባቸው ሳልቀመጥ፣ ፍቅፋቂውን ሳላሸት አላልፍም።

ጊዜው የደርግ ነው። አስተማሪያችን "በአብዮቱ የወንድና የሴት ሥራ የለም" ብሎ፣ ለእጅ ሥራ ፈተና ሴቶቹንም ከእንጨት የተሠራ ዕቃ አምጡ አለን። እኔ ማማሰያ ልሠራ አስቤ ወደ አያ ገብሬ ሮጥኩ።

"ለማማሰያ የሚሆን የወደቀ እንጨት የለኝም" አሉኝ። "ነፋስ እስኪጥልልን ታገሺ፣ የኔ ልጅ።"

ፈተናው ግን አርብ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አያ ገብሬ ወደ ወንዝ ሲወርዱ መጥረቢያቸውን አነሳሁና ከቅጥሩ ጀርባ የበቀለ ለጋ ወይራ ቆረጥኩ። ስንት ጊዜ እንደመታሁት አላስታውስም። መጥረቢያውን ሳልጠርግ ቦታው መልሼ፣ ማማሰያዬን እቤት ጓሮ ተቀምጬ በቢላ ስፍቅ አመሸሁ። ከአሥር ዘጠኝ አገኘሁበት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ጉቶውን ከቦ ቆመ። አባቴ የደብሩ ገበዝ ስለነበሩ ጉዳዩን የሚመረምሩት እሳቸው ናቸው። የቀበሌው ሊቀመንበርም "የሕዝብ ንብረት ነው የተነካው!" እያለ መጣ። የአያ ገብሬ መጥረቢያ ሲታይ አረንጓዴ ልጣጭ ተጣብቆበት ተገኘ።

"ገብሬ፣ ምን ትላለህ?" አሉ አባቴ።

አያ ገብሬ ጎንበስ ብለው ጉቶውን አዩት። ከሥሩ ዝቅ ብሎ፣ በትንንሽ ምት ተነካክሶ ነበር፤ የአዋቂ እጅ እንዳልሆነ ለሳቸው አይጠፋቸውም። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ከእናቴ ኋላ በቆምኩት በኔ ላይ አረፈ። ጥቂት ጠበቁኝ። እኔ ወደ እናቴ ጀርባ ይበልጥ ተጠጋሁ።

"መጥረቢያው የኔ ነው" አሉ። "ሌላ የምለው የለኝም።"

ከደኑ ተከለከሉ። መጥረቢያቸውን ቀበሌው ወሰደው። በሳምንቱ ሚስታቸውንና ትንሽ ልጃቸውን ይዘው፣ ዕቃቸውን አህያ ላይ ጭነው ወደ ብልባላ ተሰደዱ። በደጃችን ሲያልፉ እኔ ጎተራው ኋላ ተደብቄ ነበር።

ብዙ ዓመት አልፎ፣ አባቴ ካረፉ በኋላ፣ ለእናቴ ነገርኳት።

"እናውቅ ነበር" አለችኝ ቀና ሳትል። "ማማሰያሽን ያየን ዕለት አባትሽም እኔም አውቀናል። የገበዙ ልጅ እርጥብ ቆረጠች ከሚባል ጠራቢው ይሂድ አልን።"

ያን ሰሞን ብልባላ ሄድኩ። አያ ገብሬ ሞተዋል። ያ ትንሽ ልጃቸው ጎልምሶ እሱም እንጨት ይጠርባል። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት።

"እኔማ አባቴ እርጥብ እንዳልቆረጡ አውቃለሁ፣ እትዬ" አለኝ። "ለኔ ሳይሆን ለደብሩ ሰው ይንገሩልን።"

እሺ ብዬው ተመለስኩ።

ዛሬ ደኑ ታጥሯል፤ ጎብኚ ይገባበታል፤ ጥላው ሥር የሚጠርብ ሰው ግን የለም። ባለፈው ስሳለም አንድ አስጎብኚ ወጣት "ድሮ አንድ ጠራቢ ደፍሮ እርጥብ ወይራ ቆረጠና ከአገር ተባረረ" እያለ ሲያወራ ሰማሁት። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ያኔ ልጅ ነኝ፣ ፈርቼ ነው ብል ያምርብኛል። አሁን የልጅ ልጅ አይቻለሁ፣ የሚቆጣኝ አባትም የለኝም። ቢሆንም ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ ዝም ብዬ አለፍኩ።