የማንኪራን መስመር የዘጋሁት እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይቺን ዘልያታለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ፈሪ ሰው መናዘዝ የሚወደው ለማያውቀው ነው። እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዣት ኖርኩ። ሆዴ ግን አልፈጃትም፤ እዚያው ገማችብኝ።

ቦንጋ የመጣሁት ለሥራ ነው። ለገበሬዎች በስልክ መልእክት የሚልክ አንድ ፕሮጀክት በኮምፒውተር ባለሙያነት ቀጥሮኝ ነበር። ስለ ዝናብ፣ ስለ ተባይ ወይም ስለ ርጭት አንድ ማስታወቂያ ክላውድ በሚባለው የኢንተርኔት ቋት ላይ ወዳለው ሲስተም ይገባል፤ ሲስተሙ ያንኑ መልእክት አባዝቶ ለየተመዘገበው ቀበሌ ያከፋፍላል፤ ለዋጫ አንድ፣ ለሺሺንዳ አንድ፣ ለማንኪራ አንድ። እያንዳንዱ የራሱ መስመርና መልእክቱ እስኪላክ ተራ የሚጠብቅበት የራሱ ወረፋ አለው። በየቦታው ሕዝቡ የመረጠው አንድ ተቀባይ አለ፤ መልእክቱ ስልኩ ላይ ሲገባ ቤት ለቤት እየዞረ ይናገራል። የማንኪራው ተቀባይ ጋሽ ወልዴ ነበሩ። ንብ አርቢ ናቸው፣ በዕድሜ የገፉ፣ ቃላቸው እንደ መሐላ የሚታመን ሰው።

አንድ ሰሞን በማንኪራ በኩል ኔትወርክ ተበላሸ። ያልደረሰው መልእክት እየተመለሰ ወረፋው ውስጥ ይጠራቀማል፤ በተጠራቀመ ቁጥር የእኔ ስልክ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል። እሑድ ቀን ሺሺንዳ ሰርግ ተጠርቼ፣ ሥጋ በእጄ ይዤ፣ ስድስት ሰባት ጊዜ ጮኸብኝ። ተናደድኩ። ስልኬን አውጥቼ የማንኪራን መስመር ዘጋሁት፤ ጩኸቱም ቆመ። ሰኞ እከፍተዋለሁ አልኩ። ሰኞ ረሳሁት፣ ማክሰኞም ረሳሁት። ኔትወርኩ ተጠግኖ ሰዉ መደዋወል ከጀመረ በኋላም መስመሩ እንደተዘጋ ነበር። ማን ዘጋው? እኔ። ለምን? ሥጋዬን በሰላም ልበላ።

ከዚያ የርጭቱ ማስታወቂያ መጣ። ከጫካው ዳር ያለው በቆሎ ላይ ተምች ገብቶ ነበርና፣ ሐሙስ ጠዋት መድኃኒት ስለሚረጭ ንብ ያላችሁ ረቡዕ ማታ የቀፎውን አፍ ዝጉ ይላል። ዋጫ ደረሰ። ሺሺንዳ ደረሰ። የማንኪራው ግን ወረፋው ውስጥ ቀረ። ሐሙስ የማንኪራ ንቦች እንደ ልማዳቸው ለቀሰም ወጡ። ከሰዓት በኋላ ከየዛፉ ሥር የሞተ ንብ በእፍኝ ይታፈስ ነበር። የጋሽ ወልዴም ቀፎዎች ከአንዷ በቀር ባዶ ቀሩ።

ስብሰባ ተጠራ። እኔም ተጠራሁ። ስሄድ መስመሩ እንደተዘጋ መቅረቱን አላወቅኩም ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። ውሸት ነው። ጠዋት ቢሮ አይቼዋለሁ፤ አውቄ ነው የሄድኩት። ሰው ሁሉ ጋሽ ወልዴን ለምን አልነገሩንም ብሎ ያፋጥጣቸዋል። እሳቸው "አልደረሰኝም" አሉ። ያኔ እኔ ተነሣሁ። ላፕቶፔን ከፍቼ ማንኪራ ከሚለው አጠገብ ያለውን አረንጓዴ ምልክት አሳየሁ። አረንጓዴው መልእክቱ ወረፋ ገባ ማለት ነው እንጂ ስልክ ላይ ደረሰ ማለት አይደለም። ከተሰበሰበው ሰው ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔም "ደርሷል" አልኩ።

ጋሽ ወልዴ ስልካቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። እርጥበት እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልለውታል። ፈትተው ሰጡኝና "ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ፈልገህ አውጣልኝ" አሉኝ። እንደማይገኝ እያወቅኩ ፈለግሁ። ቁልፉን ወደ ላይ ወደ ታች እየተጫንኩ የምፈልግ መሰልኩ። ከዚያ "ሳያውቁት አጥፍተውት ይሆናል፣ ጋሼ" አልኳቸው። በአክብሮት፣ በለስላሳ ድምፅ። ትዝ ሲለኝ የሚያሳፍረኝ ያ ድምፅ ነው። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይባላል፤ እኔ ዓይኔ እንኳ አልደረቀም፤ ያዘንኩላቸው መስዬ ነበር።

ቢሮ ተመልሼ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? መልእክቱ አሁንም ወረፋው ውስጥ ቁጭ ብሏል። መስመሩን ብከፍተው ያኔውኑ እሳቸው ስልክ ላይ ገብቶ ያጋልጠኛል። ስለዚህ መጀመሪያ መልእክቱን አጠፋሁት፤ ከዚያ መስመሩን ከፈትኩ። እሳቸው አጠፉት ያልኩትን እኔ በገዛ ጣቴ አጠፋሁት። ስንፍና ነው እንዳትሉኝ። ሰርጉ ላይ ሰነፍ ነበርኩ፤ እዚያ ወንበር ላይ ግን ወራዳ ነበርኩ።

ተቀባይነቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ጋሽ ወልዴ ደግሞ ድሮ መልእክት ይዘው በሚዞሩበት መንገድ ቤት ለቤት እየዞሩ ይቅርታ ጠየቁ፤ "እጄ ስቶ አጥፍቼዋለሁ" እያሉ። ውሸቴን አምነውት ነበር። የራሳቸውን ቃል ትተው የእኔን አመኑ።

በወሩ ገደማ ቢሮዬ መጡ። ከማንኪራ በእግራቸው ነው የመጡት። ከተረፈችው ቀፎ የቆረጡትን ማር በጣሳ ይዘውልኛል። አረፍ ካሉ በኋላ "ሁለተኛ እንዳላጠፋ አስተምረኝ" አሉኝ። አስተማርኳቸው። አጠገባቸው ተቀምጬ ይህን አይንኩ፣ ያንን አይጫኑ እያልኩ አስተማርኳቸው። ማሩንም ተቀበልኩ። ቤት ወስጄ በላሁት፤ ሚስቴ "ሲጣፍጥ!" ስትል እኔም "አዎ" አልኩ። ዛሬ ማር ፊቴ ሲቀርብ አፌን ምራቅ ይሞላዋል፤ የሚተፋ ምራቅ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እያደር ሸተተ እንጂ አልጠራም። ፕሮጀክቱ አልቆ ሌላ ሥራ ይዣለሁ፣ እዚሁ ቦንጋ። ጋሽ ወልዴን አልፎ አልፎ ገበያ አገኛቸዋለሁ። "ልጄ፣ ደህና ነህ?" ይሉኛል። እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፣ በዚህ አፌ።

ስጀምር ይቅር በሉኝ ልላችሁ ነበር። ተውኩት። ንቡ የእናንተ አልነበረም፤ ስሙ የጠፋውም የእናንተ አይደለም፤ ይቅርታውም የእናንተ አይደለም። ዛሬም ያደረግሁት ያንኑ ነው፤ ለሁላችሁ ተናግሬ ለእሳቸው አልተናገርኩም። ማንኪራ ከቦንጋ ሩቅ ነው እንዳልል፣ እሳቸው ማር ይዘው በእግራቸው መጥተውበታል።