ለጋ ገብስ ማጨድ

ሥራዬ ለጋ ገብስ ማጨድ ነበር። በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን አጠገብ በነበረ የሙከራ እርሻ ተቀጥሬ፣ ገብሱ ጉልበት ሲደርስ በማጭድ እቆርጥና የትኛው ዘር ከሥሩ መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ እጠብቃለሁ። በረዶ ሲመታው የሚያንሰራራ ዘር ነበር የሚፈለገው። አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፤ አንዱ በሳምንቱ ይለመልማል፣ ሌላው እዚያው ይበሰብሳል። ልዩነቱ ያለው ዘሩ ውስጥ መሆኑን ተምሬያለሁ፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅን ግን ማንም አላስተማረኝም።

አባቴ አንኮበር የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ። የእሳቸው ገብስ በረዶ ከመታው በኋላ ሲያገግም በልጅነቴ አይቼ ስለነበር ዘሩን ለመንኳቸው። የችግር ዓመት ነው፤ ጎተራው ውስጥ የቀረው ለዘር ብቻ ነበር።

«እህል እሸት እንኳ ሳይሆን ሊታጨድ? ነውር ነው» ብለው ከለከሉኝ። እናቴ «እንጀራዋ ነው እኮ፣ ምን ታድርግ?» ብላ ስትሟገትልኝ ሁለት እፍኝ ሰጡኝ። ፊታቸው ግን አልተፈታም።

በእርሻው ዘርቼው የሚታጨድበት ቀን ሲደርስ አባቴ በጭነት መኪና ተሳፍረው መጡ። ገብሱ ያምራል። ማጭዱን ይዤ ጎንበስ ስል እጄ እምቢ አለኝ።

«ለዚህ አይደል የወሰድሽው?» አሉኝ። «አምጪ። ከታጨደም በእጄ ይታጨድ።» አማትበው ራሳቸው አጨዱት።

ከዚያ ወዲያ እኔ ሰው አልሆንኩም። እህል አልወርድ አለኝ። በውይይት ክበብ ስለ መደብ ትግል ሲነገር እኔ የማስበው ስለ ገብስ ነው። ሄጄ አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እሄዳለሁ። ዘበኛው «በዓይንሽ አደረቅሽው» እያለ ይቀልድብኛል። ሌሎቹ ዘሮች አረንጓዴ ሲያወጡ የአባቴ ዝም አለ። እኔ ቤት ያረፉት አባቴም ከቤተ ክርስቲያን መልስ በማሳው በኩል ያልፋሉ። ፈርቼ ነበር፤ ከቤተሰቡ አፍ ነጥቄ የቀጨሁት መሰለኝ።

አንድ ጠዋት ስደርስ አባቴ መስመሩ መሃል ተንበርክከዋል። ከገብሳቸው ግማሹ አቆጥቁጧል፣ ግማሹ ሞቷል። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

«እነዚህስ?» አሉኝ የደረቁትን እየዳሰሱ።

«አፈጣጠራቸው ነው አባ። ገብስዎ አንድ ይመስላል እንጂ ድብልቅ ነው።»

ከደረቁት አንዱን ነቅለው ሥሩን አዩ። «እንግዲያው ያቆጠቆጡት ሲያፈሩ ዘራቸውን ለይተሽ መልሺልኝ» አሉ። «በረዶው እንደሆነ አይቀርም።»

ከእርሻው አንዲት ፍሬ ማውጣት ያሳስር ነበር። «እሺ አባ» አልኳቸው።