የቢ ታቱ ጉድጓድ

ቢ ታቱ ጉድጓዳቸውን ለማንም አሳይተው አያውቁም፤ ለልጃቸው ለምቦጃ እንኳ። ምቦጃ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ልጅ ድራለች። የእናቷ ጉድጓድ በየትኛው ድንጋይ ሥር እንዳለ ግን አታውቅም ነበር።

ነገሩ ንፉግነት አይደለም። በኛ በፔምባ ደሴት ባህሩ ሲሸሽ በእግር ወጥተው ኦክቶፐስ የሚይዙት ሴቶች ናቸው፤ ኦክቶፐስ ደግሞ ቤት የሚመርጥ እንስሳ ነው። ከጥሩ ጉድጓድ አንዱ ሲያዝ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሌላው ይገባበታል። ስለዚህ አንድ ጉድጓድ ዕድሜ ልክ ያበላል። እናት ለልጇ የምትናገረው እግሯ ከባህር ሲቀር ብቻ ነው። ጉድጓድን መናገር «በቃኝ» ማለት ነው። ቢ ታቱ ደግሞ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ገና አልበቃቸውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሚያዘው ኦክቶፐስ መዳፍ የማይሞላ ሆነና ሴቶቹ ባህሩ ሲሸሽ ከሚገለጠው የኮራል ድንጋይ ሜዳ አንዱን ክፍል ለሦስት ወር ለመዝጋት ተስማሙ። ለምን ሦስት ወር ብቻ? እኔም ጠይቄ ነበር፤ መልሱን ባሰብኩት ቁጥር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ኦክቶፐስ የሚኖረው አንድ ዓመት ገደማ ነው። በዚያች አጭር ዕድሜ ግን እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ዛሬ ግማሽ ኪሎ የማይሞላውን ሦስት ወር ብትተወው ድስት ሞልቶ ይጠብቅሃል። ዓሣ ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፤ ይኼኛው የአንድ ዝናብ ወቅት ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

የተዘጋው ክፍል ዳር በገመድ በታሰሩ ቢጫ ጄሪካኖች ተከለለ። ጠባቂ ሆና የተመረጠችው ምቦጃ ነበረች። በተዘጋው ውስጥ ኦክቶፐስ የያዘች ሴት በመክፈቻው ቀን አሸዋ ላይ ተቀምጣ ሌሎቹን ታያለች የሚለውን ደንብ ያመጣችውም ራሷ ናት። ለመንደራችን ሴቶች ከዚህ የሚከብድ ቅጣት የለም። በመክፈቻው ቀን ሙሽራዋም እርጉዟም ሳትቀር ሁሉም አብረው ነው ገመዱን የሚሻገሩት።

ሊከፈት አሥራ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ በአንድ ማክሰኞ እኩለ ቀን፣ ባህሩ ርቆ ሸሽቶ ነበር። ምቦጃ የላላ ጄሪካን ጎንበስ ብላ ስታስር ቀና ብትል እናቷ ከተዘጋው ክፍል ውስጥ እየመጡ ነው። ያሸረጡትን የካንጋ ጨርቅ እስከ ጉልበት ሰብስበዋል፤ በአንድ እጅ ኦክቶፐስ ከጉድጓድ የሚያወጡበትን ረጅም ብረት፣ በሌላው ቅርጫት ይዘዋል።

«እማዬ፣ ከየት ነው?»

«ከባህር ነዋ። ከገበያ የምመጣ እመስላለሁ?»

«ቅርጫቱ ውስጥ ምንድን ነው?»

ቢ ታቱ ቅርጫቱን አስቀመጡት። አንዲት ኦክቶፐስ ናት፤ እግሮቿ ከጣት አይወፍሩም። ሞታለች፤ ወደ ውሃ ብትመለስም ዋጋ የለውም።

«ጉድጓዴ ደህና መሆኑን አይቼ ልመለስ ነበር። ብረቱን ሳስጠጋ ጥምጥም አለችበት፤ እጄ ቀደመኝ። ስልሳ ዓመት የለመደ እጅ ነው፣ ልጄ።»

«ታዲያ ብረቱን ለምን ይዘሽ ወጣሽ?»

«ራቁቴን ልሂድ?»

ምቦጃ አልሳቀችም። እርጥብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። «አሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነበር የቀረው፣ እማዬ።»

«ላንቺ አሥራ ዘጠኝ ቀን ምንም አይደለም። እኔ ጠዋት የምነሳው እግሬን ‹ዛሬስ ትሄዳለህ?› ብዬ ለምኜው ነው። ይሄ መክፈቻ ካመለጠኝ ሌላ የማይ አይመስለኝም።»

ምቦጃ ቅርጫቱን ተቀበለች። እናቷን በክንዳቸው ደግፋ እስከ ባህሩ ዳር አመጣቻቸው።

ዓርብ ከሶላት በኋላ ሴቶቹ ጀልባ ከሚጠገንበት ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ጠባቂ የሳምንቱን ነገር ከደብተሯ ታነባለች፤ ደንቡ ነው። ምቦጃ «ማክሰኞ፣ እኩለ ቀን» ብላ ጀመረችና እዚያው ላይ አቆመች።

«ጨርሺው እንጂ። የራስሽ ጽሕፈት አልነበብ አለሽ?» አሉ ቢ ታቱ ከመሐል። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «እኔ ነኝ። አንዲት ትንሽ ያዝኩ። ለወጥ እንኳ አልበቃችም።»

ጎረቤታቸው ሪዚኪ ቶሎ ብላ «ለቢ ታቱማ ይቅር ይባልላቸው። ዕድሜያቸውን እዩ» አለች።

«ለዕድሜ ይቅር ከተባለ ነገ መንደሩ በሙሉ አሮጊት ይሆናል» አሉ ቢ ታቱ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ምቦጃ ግን ደብተሩን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

የመክፈቻው ቀን ጠዋት ቢ ታቱ እንደ ደንቡ አሸዋው ላይ ቀርተው፣ የተገለበጠ ታንኳ ላይ ተቀምጠው ነበር። የሴቶቹ ካንጋ ባህሩን ዳር እስከ ዳር አበባ አስመስሎታል። ምቦጃ ገመዱን ልትፈታ ስታልፍ እናቷ ጠሯትና ጆሮዋን ይዘው ወደ አፋቸው ሳቡት።

«ቢ ታቱ፣ ጮክ ብለው ይንገሯት፤ እኛም ጆሮ አለን» አለች ሪዚኪ።

«ያንቺ ጆሮ ለወሬ እንጂ ለመንገድ አይሆንም፤ እለፊ።»

ከዚያ በሹክሹክታ ነገሯት። የመስጊዱ ነጭ ግንብ ከጀርባሽ፣ ሁለቱ ዘንባባዎች አንድ እስኪመስሉ ሂጂ። ኮርቻ የመሰለ ድንጋይ አለ፤ በጥላው በኩል ጎንበስ በይ። ብረቱንም ሰጧት። ምቦጃ የሰጧት ምን እንደሆነ ገብቷት ቆማ ቀረች።

«ሂጂ፣ ውሃው አንቺን አይጠብቅም።»

ቀትር ላይ ሴቶቹ መመለስ ጀመሩ። ሪዚኪ የክንድ ያህል እግር ያላቸውን ሁለት ኦክቶፐሶች ትከሻዋ ላይ ጥላ እየሳቀች አለፈች። ምቦጃ የመጣችው ከሁሉም ኋላ ነው፤ በባዶ ቅርጫት።

«አላገኘሽውም?» አሉ ቢ ታቱ፤ ድምፃቸው ቀጠነ።

«አገኘሁት። ውስጡ ያለችው ትልቅ ናት። ግን በሩን በድንጋይ ደፍናለች።»

«ብረቱን ያዘችው?»

«አልያዘችውም። ውሃ ተፋችብኝ።»

ኦክቶፐስ እንዲህ የምታደርገው እንቁላሎቿን ስትጠብቅ ነው። እስኪፈለፈሉ አትበላም፣ አትወጣም፤ ከዚያ ትሞታለች። ቢ ታቱ በወጣትነታቸው እንዲህ ያለችዋን ሳያቅማሙ ያወጡ እንደነበር እኔም ከራሳቸው ሰምቻለሁ። አሁን ግን በጣቶቻቸው ሳምንት ቆጠሩ።

«ደግ አድርገሻል። ለሚቀጥለው መክፈቻ ጉድጓዱ ሌላ ተከራይ ይኖረዋል።»

«አብረን እንሄዳለን።»

ቢ ታቱ ለመነሳት እጃቸውን ዘረጉላት። «እስከ ገመዱ እሸኝሻለሁ» አሉ።