ሁለት ጣት ዝቅ ያለው ትከሻ

ልብስ ሰፊዋ ከሰዓት በኋላ፣ የካውያው እንፋሎት መስኮቱን ጉም ሲያለብሰው፣ በሐሳብ ጭልጥ ማለት ትወዳለች። እጇ ይሰፋል፤ እሷ የለችም። ያኔ በልቧ የፈጠረቻቸው ሰዎች ተራ በተራ እየገቡ ይለካሉ፣ ዞር ይላሉ፣ ያወሯታል። ልብ ወለዷን እንዲህ በቁሟ እያለመች ጽፋ ጨረሰችው።

ሙያ ግን መች ሰውን ይለቃል! ሚስቱን ቆልፎባት የሚወጣውን ክፉ ባል ስትስል፣ ከልክ መመዝገቢያ ደብተሯ የአንድ ደንበኛዋን ገላ እንዳለ ገለበጠችው፤ ግራ ትከሻው ከቀኙ ሁለት ጣት ዝቅ ያለ፣ አንዱ እጁ ከሌላው ረዘም ያለ። የዋህ ናት! ሰውየው ሃያ ዓመት ሙሉ እሷ ዘንድ ሱፍ ያሰፋ ነጋዴ ነው። የገዛ ትከሻውን እሱ ካላወቀው ማን ያውቀዋል? ስሜን አጠፋች ብሎ ከሰሳት፤ መጽሐፉም ከገበያ ይሰብሰብልኝ አለ።

“መጻፍ መብትሽ ነው፤ ክፉ ሰው ፈጠርሽ ተብለሽ አትጠየቂም” አላት ጠበቃዋ። “በሕይወት ያለ ሰው መሆኑ ከታወቀና በሐሰት ስሙ ከጎደፈ ግን ሕጉ እዚያ ላይ ያቆምሻል። ትከሻውን ከራሴ ፈጠርኩት ብለሽ ተገላገይ።”

ችሎት ፊት ስትቆም ግን የጠበቃዋን ምክር ተወችው።

“ትከሻው የእሳቸው ነው” አለች። “ጋሼ ደግ ሰው ናቸው፤ ይቅር ይበሉኝ። በሩን የሚቆልፈው ግን የገዛ አባቴ ነው።”

እናቷ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር። አባትየው ከሞተ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ የዚያን በር ነገር ግን አንድ ቀንም በቤታቸው አንስተውት አያውቁም። እናትየው አደራ ብላ፣ አስምላ ነበር ዝም ያሰኘቻት። ልጅቱ ዞራ ልታያት አልደፈረችም።

ዳኛው መጽሐፉ አይታገድም አሉ፤ ነጋዴውን የሚያሳውቀው መልክ ግን በሚቀጥለው እትም ይቀየር፣ ይቅርታም ይታተምለት። ነጋዴው “አሁን ሱፌን ለማን ልስጥ?” እያለ ወጣ።

እናት ከፊት፣ ልጅ ከኋላ ሆነው ወደ ሱቋ ሄዱ። መንገዱ ሁሉ በፀሐይ ፈዝዞ፣ የሰው ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። ልጅቱ እናቴን አጣኋት ብላ ፈራች። ሱቋ ገብታ የልብ ወለዷን ያንን ገጽ አወጣችና ትከሻውን ሰረዘችው።

“በምን ልትተኪው ነው?” አለች እናቷ።

“እንጃ፣ እማዬ።”

እናትየው ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

“አባትሽ ሲራመድ ቀኝ እግሩን ይጎትት ነበር” አለች። “ደረጃው ላይ ስሰማው ልቤ ድንግጥ ይል ነበር። ጻፊው።”