ሃዋይ የሄደው በርበሬ

ሃዋይ ስሄድ ለአንድም አበሻ ላልናገር ቆርጬ ነበር፤ እቃ አድርስልኝ ይከተላላ! ሲያትል አጠገብ ኬንት የሚኖሩት አክስቴ ግን ሰምተው አምስት ኪሎ በርበሬ ይዘው ከች አሉ።

«ዳዊትዬ፣ ለጓደኛዬ ልጅ ለሄለን ነው። እዚያው ደሴቱ ላይ ናት።»

እሺ አልኩ። ግን ፏፏቴውንም፣ ጥቁሩን አሸዋም፣ እሳት የሚተፋውን ቮልኬኖም ሳላይ አልመለስም! በርበሬውን አዝዬ ዞርኩ። በአጠገቤ ያለፈ ቱሪስት ሁሉ ያስነጥሰው ነበር። አክስቴ በሰጡኝ ቁጥር ሄለንን ኮል ባደርግ አታነሳም፤ «እቃ ይዤልሻለሁ» ብዬ ቴክስት ላኩላት። በሦስተኛው ቀን ቴክስት አደረገች፦ «ቮልኬኖው ጋ ነኝ፣ ና።»

አፋፉ ላይ አገኘኋትና በርበሬውን አስረከብኳት። ክው አለች።

«እኔ እኮ ለቫኬሽን ነው የመጣሁት። የምኖረው እዚያው ሲያትል አጠገብ ታኮማ ነው!» አለችና የራሷን ቦርሳ ከፈተች። «እናቴ ደግሞ ሃዋይ ለሚኖር ዳዊት ለሚባል ልጅ አድርሺ ብላ ይሄን ሁሉ ሽሮ አሸከመችኝ። ታውቀዋለህ?»