በሁዳዴ ቅቤ የሸተተው ሽሮ

ፍቅርተማርያም አቃቂ ተወልዳ፣ አቃቂ አድጋ፣ ወጣትነቷን መሀል ከተማ ባሉ ሆቴሎች ወጥ ቤት ጨርሳ መልሳ አቃቂ የገባች ሴት ናት። አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ጊዜ የምትሠራበት ሆቴል ድረስ ሄደው ነጭ ቆብ አድርጋ ሾርባ ስታማስል አይተዋት፣ «ለማታውቂው ሰው ከምታበስዪ ለሰፈርሽ ሰው ብታበስዪ ምን ነበረበት?» ብለዋት ነበር። የቀልድ ያህል ነው ያሉት። እሳቸው ካረፉ በኋላ ግን፣ እዚያው አቃቂ አንድ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ለሠራተኞቹ ምግብ ቤት ኃላፊ እንደሚፈልግ ስትሰማ ነገሩ ትዝ አላትና አመለከተች።

ሠራተኛው ምግብ ቤቱን «ክበብ» ነው የሚለው። የእሷ የሥራ መጠሪያ ደግሞ የምግብ አገልግሎት ኃላፊ። ከገላን ኮንዶሚኒየም በሚኒባስ እየተመላለሰች፣ ውሃ ሲጠፋ ቦቴ ትለምናለች፤ እንጀራ አቅራቢዋ ስትዘገይ በር ላይ ቆማ ታንጋጥጣለች፤ መብራት ሲሄድ ወጥ ሠሪዎቹን ወደ ከሰል ታዞራለች። ምሳ ሰዓት ላይ ሰልፉ ጸጥ ብሎ ከተንቀሳቀሰ ቀኑ መልካም ነው። ሰልፉ ካጉረመረመ ግን ምን እንደጎደለ ሳይነግሯት ታውቃለች።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገቡ። ፍቅርተ ገና ጾሙ ሳይገባ ነበር ጭንቀቱ የጀመራት። ኦርቶዶክሱ የሚበላው የጾም ነው፤ ያውም አብዛኛው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አይቀምስም። ሙስሊሙ ቀኑን ሙሉ ጾሞ ማታ ሲያፈጥር ትኩስ ሾርባ ይፈልጋል። ፕሮቴስታንቱ በስድስት ሰዓት የፍስክ ምሳውን ይጠብቃል። ወጥ ቤቱ አንድ፣ ድስቱም ያው ድስት። ስለዚህ ከጓሮ ያለውን አሮጌ ዕቃ ቤት አስጠርጋ፣ ኖራ አስቀብታ፣ የፍስኩን ሁሉ ወደዚያ አወጣችው። ያንን ዙለይኻ ያዘች፤ ከእሷ ጋር ብዙ ዓመት የሠራች፣ እጇም ምላሷም የማይሳሳት የስልጤ ሴት። ዋናውን ወጥ ቤት፣ የጾሙን፣ ቀናው ያዘ። ቀናው ዝምተኛ ነው። ሲመሰገንም ሲወቀስም መልሱ «እሺ» ነው። ድስትና ጭልፋ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዳይሻገር ፍቅርተ ሁሉንም ሰብስባ አስጠነቀቀች።

ሁለት ሳምንት በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ዕለት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሽሮ ቀረበ። ፍቅርተ እንደ ወትሮዋ ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ቁጭ ብላ የድርሻዋን በላች። እሷም ጿሚ ናት። ሽሮው ጣፈጣት። ቀናው ዛሬ ምን ነካው አለችና እንጀራ አስጨመረች። በአዳራሹም ብዙ ሰው ሲያስጨምር አየች። ደስ አላት፤ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሰሐኑ በግማሹ እየተመለሰ ሲያሳስባት ነበርና።

ቢሮዋ ገብታ እጇን ሳታደርቅ ጋሽ ሰይፈሥላሴ በሩ ላይ ቆሙ። ጋሽ ሰይፈሥላሴ የሽመና ማሽን መካኒክ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው። በፋብሪካው ውስጥ ጠብ ሲነሣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በእጃቸው በእንጀራ የተሸፈነ ሰሐን ይዘዋል።

«ፍቅርተ፣ ልጄ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህ ሽሮ ቅቤ አለው።»

«እንዴት ሊሆን ይችላል ጋሽ ሰይፌ?»

«አሽትቺው።»

አሸተተችው። እየበላች ሳለች ጣዕም ብቻ መስሏት ያለፈችው ነገር አሁን አፍንጫዋን ሞላው። ቅቤ ነው፤ ያውም የተነጠረ ቅቤ። የበላችው እሷ ብቻ ብትሆን ንስሐ አባቷ ጋ ሄዳ ትገላገለው ነበር። ይህ ሁሉ ሰው ግን አምኗት ነው የበላው።

«ለሌላ ሰው ተናገሩ?»

«እኔ አልተናገርኩም። ሰዉ ግን አፍንጫ አለው።»

እውነታቸውን ነበር። አዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታው ተነሥቷል። አንዳንዱ ሰሐኑን ገፍቶ ተቀምጧል፤ አንዳንዱ ጎረቤቱን እያስሸተተ ነው። ፍቅርተ ወደ ወጥ ቤቱ ሮጠች። ቀናው የለም። ትናንት ዓይናቸውን የታከሙ እናቱን ክሊኒክ ሊመልስ ወጡን እንዳወጣ በእሷው ፈቃድ ሄዷል። ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደገመች፤ አሁንም ዝግ።

በጓሮ በኩል ወደ ዙለይኻ ሄደች። ዙለይኻ ለማታው ማፍጠሪያ አጃ እያጠበች ነበር። ፍቅርተ ከጋሽ ሰይፈሥላሴ የተቀበለችውን ሰሐን ዘረጋችላት።

«አንቺ ምላስሽ አይሳሳትም። እስቲ...» ብላ ጀምራ አፏን ያዘች። «ይቅርታ፣ ረሳሁት። ጾም ላይ ነሽ።»

«ማሽተት አይከለክለኝም፣» አለች ዙለይኻ። ጎንበስ ብላ አሸተተች። ቀና አለች፤ መልሳ አሸተተች። ፊቷ ተለወጠ።

«ልዋሽሽ እንዴ ፍቅርተ? ቅቤ ሲነጠር የሚሸተው ሽታ ነው።»

«ያንቺ ቅቤስ?»

«ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ሰኞ ለሾርባው ቀንሼለታለሁ። ከዚያ ወዲህ ማን እንደነካው በምን አውቃለሁ? እኔ ግን ወደ እናንተ ድስት አልደረስኩም።»

ይህን ስትል አንድ ወጣት ሸማኔ በጓሮው በር ብቅ ብሎ ነበር፤ ከኋላው ሌሎችም ነበሩ። ኤባ ይባላል፤ ልቡ ክፉ አይደለም፣ አፉ ግን ይቀድመዋል።

«ቅቤ ያለው እዚህ ክፍል ብቻ ነው፣» አለ። «ከሌላ ከየት ይመጣል?»

ዙለይኻ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ፍቅርተን ብቻ አየች። ያ አስተያየት ከቅቤው ሽታ በላይ ፍቅርተን አስደነገጣት። ሁለቱ ጾሞች በአንድ ግቢ ሲገቡ ስትፈራው የነበረው ይኸው ነው፤ የወጥ መበላሸት ሳይሆን ሰው በሰው ላይ ጣት መቀሰሩ።

ወደ አዳራሹ ተመልሳ ከምግብ ማደያው ፊት ለፊት ቆመች። ጉርምርምታው ዝግ አለ።

«ሽሮው ውስጥ ምን እንደገባ እስካሁን አላውቅም፣» አለች። «እኔም በልቻለሁ። ጨምሬም በልቻለሁ። የሠራውን ሰው ፈልጌ፣ ከሥራ ሳትወጡ ተመልሼ እነግራችኋለሁ። እስከዚያ ግን የማንም ስም እንዳይነሣ። ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ኃላፊዋ እኔ ነኝ።»

የቀረው ሽሮ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ተከድኖ እንዲቀመጥ አዘዘች። በር ላይ ስትደርስ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ካፖርታቸውን ለብሰው ጠበቋት።

«ብቻሽን ሄደሽ ብትመለሺ የሚያምንሽም የማያምንሽም ይኖራል፤ አብሬሽ ልሂድ።»

ባጃጅ ይዘው ወደ ቀናው ሰፈር ወረዱ። መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር ባጃጁ እየዘለለ ሁለቱን ያጋጫቸዋል። ፍቅርተ ስልኳን ደጋግማ ትሞክራለች። ቀናው ጥፋተኛ ከሆነ ልታሰናብተው ነው፤ እንዲህ ያለ እጅ ደግሞ ከየት ታገኛለች? ጥፋተኛ ካልሆነ ደግሞ ማን ሊሆን ነው? ይህኛው ጥያቄ ይብስባት ነበር።

«ተቆጥተዋል ጋሽ ሰይፌ?» አለች በመጨረሻ።

«አልተቆጣሁም። አፍሬያለሁ እንጂ።»

«በምን?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ውጭ መለሱ። «ሽታው የገባኝ መጀመሪያ ላይ ነው። ሰሐኔን ጨርሼ፣ አስጨምሬ ነው ወዳንቺ የመጣሁት። ያመጣሁልሽ የጭማሪውን ነው።»

ፍቅርተ ልትስቅ ቃጥቷት ዋጠችው።

ቀናውን ቤቱ አገኙት። ከክሊኒክ ገና መግባቱ ነው፤ እናቱ አንድ ዓይናቸው ላይ ፋሻ ተደርጎላቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ስልኩ ግድግዳው ላይ ቻርጅ ተሰክቷል። ኃላፊዋንና ጋሽ ሰይፈሥላሴን በአንድ ላይ ደጁ ሲያያቸው ሰው የሞተ መስሎት ቀለሙ ገረጣ።

«እትዬ ፍቅርተ፣ ምን ሆኑ? ወጥ ቤቱ ተቃጠለ?»

«አልተቃጠለም። ቀናው፣ እውነቱን ንገረኝ። ዛሬ ሽሮው ውስጥ ምን ጨመርክ?»

«ምን ጎደለው?»

«የጎደለው የለም። ቅቤ ይሸታል።»

ቀናው አንዴ እሷን፣ አንዴ ጋሽ ሰይፈሥላሴን አየ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ጓዳ ገብቶ ቡናማ ዘይት ያለበት ትልቅ ብርሌ ይዞ ወጣ፤ ግርጌው ላይ ደቃቅ የቅመም ዝቃጭ ተኝቷል።

«ይኼ ነው፣» አለ። «ዘይት ነው። የምንገዛው የኑግ ዘይት። ኮሰረትና ኮረሪማ፣ ትንሽም አብሽ ጨምሬ እዚሁ ቤት በቀስታ አፈላሁትና አጠለልኩት፤ ከእሱ ቀንሼ ነው የወሰድኩት። ሰሐኑ በግማሹ ሲመለስ ጊዜ ከፋኝ። ሰው ከንጋት ጀምሮ ቆሞ ውሎ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚበላው ካላማረው ምን ይሆናል ብዬ...»

እናቱ ከአልጋው ላይ ሆነው ገቡበት። «እኔ ነኝ የነገርኩት። እኛ አገር በጾም እንዲህ ነው የሚደረገው። ቅቤ ሲነጠር የሚሸታችሁ እኮ ኮሰረቱ ነው። ቅቤ ለብቻው መች እንዲህ ይሸታል?»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ብርሌውን ተቀበሉ። ወደ በሩ ብርሃን ወስደው አዩት፤ አሸተቱት፤ ጣታቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። ከዚያ ያገኙት ዱካ ላይ ቁጭ አሉና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ፍቅርተም ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። ስትስቅ እንባዋ መጣ፤ እናትየው አጠገብ አልጋው ላይ ተቀመጠች። እኒያ ሴትዮ የማያውቋትን ሰው እጅ ይዘው፣ «ጾመሽ ደክሞሽ ነው ልጄ፣» እያሉ ያሹላት ጀመር።

«ለመሆኑ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው ቀናውን፣ ድምፅ ስታገኝ።

«ካልጣፈጠ ላለማፈር ነው።»

«ከዛሬ ጀምሮ ድስት ውስጥ የምትጨምረውን፣ ጨውም ቢሆን፣ ለእኔ ሳትናገር እንዳትጨምር።»

«እሺ፣» አለ ቀናው።

ብርሌውን ይዘው የቀኑ ፈረቃ ሳይወጣ ደረሱ። አዳራሹ ውስጥ ነገሩን የተናገሩት ጋሽ ሰይፈሥላሴ ናቸው። ስብከት አላበዙበትም። የሆነውን ተናገሩ፤ ብርሌውን ለፊተኛው ሰው ሰጡት፤ እሱም አሽትቶ ለሚቀጥለው አቀበለ። ብርሌው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲዞር መጀመሪያ ሹክሹክታ፣ በኋላም ሳቅ ተከተለው። ከመካከል አንዲት ፈታይ ድስቱ ውስጥ የቀረ ሽሮ እንዳለ ጠየቀች። ነበረ። ሞቆ ቀረበ፤ ሰሐኑን ገፍቶ የነበረው ሁሉ ተሰለፈ።

ኤባ አልተሰለፈም። ቆቡን አውልቆ በጓሮው በር ሲሄድ ፍቅርተ አየችውና ራቅ ብላ ተከተለችው። ዙለይኻ ሾርባውን እያማሰለች ነበር።

«እህቴ፣ ያልኩት ነገር...» ብሎ ጀመረ።

ዙለይኻ ጭልፋዋን ሳታቆም አየችው። «አሁን ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ብናገርህ ክፉ ነው የሚወጣኝ። ሳፈጥር ና። ሳምቡሳ አስቀምጥልሃለሁ።»

«ሳምቡሳው ሥጋ አለው። እኔ እኮ ጿሚ ነኝ።»

«የምስሩን ነዋ። ሥጋ ልስጥህና ደግሞ ሌላ ጣጣ ላምጣ?»

ኤባ ፊቱ ፈካ። ዙለይኻም ከንፈሯን ነክሳ ወደ ድስቷ ዞረች፤ ፍቅርተ ግን ፈገግታዋን አይታዋለች።

አዛን ሲል ፍቅርተ ከሚያፈጥሩት የማታ ፈረቃ ሠራተኞች ጋር አንድ ጥግ ተቀመጠች። ከእሷ የሚጠበቅ ሥራ አልነበረም፤ መቀመጥ ብቻ አሰኝቷት ነው። ቴምሩ ሲከፋፈል፣ ሾርባው ሲቀዳ፣ ሰዉ ከመጀመሪያው ጉንጭ በኋላ ትከሻውን ሲያላላ አየች። ዙለይኻ ውሃዋን ጠጥታ አጠገቧ መጣች።

«ቀናውን ያንን ዘይት እንዴት እንዳፈላው ጠይቂልኝ፣» አለች። «አብሹን ሳያበዛው አልቀረም። ሲሸተኝ ከብዶኛል።»

«ራስሽ ንገሪው።»

«መጀመሪያ ያቅምሰኝ። ሳልቀምስ አልናገርም።»

ወደ ገላን የሚሄደውን ሚኒባስ ስትይዝ እግሯ ራሱ ቀሏት ነበር። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ራሷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። ረዳቱ ትከሻዋን ነክቶ ሲቀሰቅሳት ሌላ ተሳፋሪ አልነበረም፤ መውረጃዋን አልፋ መጨረሻው ፌርማታ ደርሳለች። ሌላ ቀን ቢሆን በራሷ ትናደድ ነበር። ያን ቀን ግን ቦርሳዋን አንግታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ በመጣችበት መንገድ ቀስ ብላ በእግሯ ተመለሰች። ባሏ ደውሎ የት እንደደረሰች ሲጠይቃት፣ «እየመጣሁ ነው፣ ምንም አልሆንኩም፣» አለችው። «ምንም አልሆንኩም» የሚለውን ለራሷም ደገመችው።